«የሠራው ሰው ያውቀዋል» ማለት ሥራው አላለቀም ማለት ነው

የድምፅና የምስል መሣሪያ በምንገጥም ሰዎች ዘንድ ማንም የማይከራከርበት አንድ አባባል አለ፤ «የሠራው ሰው ያውቀዋል።» መሣሪያዎቹ ተደርድረው ከታሰሩበት የብረት መደርደሪያ፣ ማለትም ከራኩ ጀርባ፣ ከሚታዩት ጥቋቁር ገመዶች የትኛው የመድረኩ ማይክ እንደሆነ፣ የትኛው ወደ ፕሮጀክተሩ እንደሚሄድ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። ጠያቂውም ይረካል። ባለሙያው አለ፤ ስልክ ቁጥሩም ተይዟል፤ ምን ያሳስባል? በገመድ ጫፍ ላይ ቁጥር ማሰርም ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ቢደረግ ጥሩ፣ ባይደረግም ሥራው የማይጎድልበት ነገር።

እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። ገመዶቹ በሁለቱም ጫፍ ያልተሰየሙበት ራክ፣ ድምፁ ቢያምር፣ ምስሉ ቢጠራ፣ በሩ ተዘግቶ ቁልፉ ለባለቤቱ ቢሰጥም ያላለቀ ሥራ ነው። ግማሹ ለደንበኛው ደርሷል፤ ግማሹ በሠሪው ጭንቅላት ውስጥ ቀርቷል። ደንበኛው ግን የከፈለው ለሙሉው ነው።

አባባሉ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። እረኛ ከብቶቹን በመልክም በስምም ያውቃል፤ መንጋ ቢቀላቀል እንኳ የራሱን ለይቶ ያወጣል። «ቦራ!» ሲላት ላሚቱ ቀና ትላለችና። ገመድ ግን ቢጠሩት ቀና አይልም። ሃያ አራት የማይክ መስመር ከአንድ ጥቅል ተቆርጦ፣ በአንድ ቱቦ ተጉዞ፣ በአንድ ቀዳዳ ከወለል ሲወጣ መልክ የሚባል ነገር የለውም። የዘረጋው ሰው ራሱ ከወር በኋላ ቢመለስ የሚያስታውሰው ገመዶቹን አይደለም፤ ቅደም ተከተላቸውን ነው። ቅደም ተከተሉም የሚሠራው ከመካከላቸው አንዱ ተነቅሎ ሌላ ቦታ እስኪሰካ ድረስ ብቻ ነው።

ድሮ ይህ እምነት ጥቂት መሠረት ነበረው፤ አልክድም። የመሰኪያው ቅርጽ ራሱ ይናገር ነበር። ሦስት እግር ያለውን ኤክስኤልአር ያየ ሰው የድምፅ መስመር መሆኑን ያውቃል። ተጠምዝዞ የሚቆለፈውን ቢኤንሲ ያየ ደግሞ የምስል ነው ይላል። ወፍራሙ የስፒከር ገመድም ከቀጭኑ የማይክ ገመድ ጋር አይምታታም። ቁጥር ባይኖር እንኳ ቢያንስ ዓይነቱ ይታወቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ከጥቂቶች መካከል አንዱን መፈለግ ነው።

ዛሬ የአንድ መካከለኛ የስብሰባ አዳራሽ ራክ ጀርባ ቢታይ አብዛኛው መሰኪያ አርጄ 45 ነው። ኮምፒውተርን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው፣ ሁላችንም የምናውቀው ያ ግልጽ የፕላስቲክ ጫፍ። በአንዱ ውስጥ ዳንቴ በተባለው ሥርዓት በርካታ የድምፅ ቻናሎች ይጓዛሉ። በሌላው ኤችዲቤዝቲ ምስልን እስከ 100 ሜትር ድረስ ያደርሳል። በሦስተኛው የግድግዳው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ መረጃም ኤሌክትሪክም በአንድ ላይ ይቀበላል። አራተኛው የአስተርጓሚዎቹ ክፍል ነው፤ አምስተኛው የሕንፃው ተራ ኢንተርኔት። ሁሉም አንድ ዓይነት ካት 6 ገመድ ነው፣ ሁሉም ቀጭ ብሎ በየትኛውም ቀዳዳ ይገባል። የሚገባበት ቦታ ሁሉ ግን ቦታው አይደለም። የኤችዲቤዝቲው ጫፍ ኔትወርክ ስዊች ላይ ቢሰካ ምስል አይመጣም፤ ችግሩ በዚያ ካበቃ ደግ ነው። መሣሪያው መቀበል አለመቀበሉን ሳይጠይቅ ኤሌክትሪክ ከሚለቅ ማስተላለፊያ የመጣ ገመድ ያልተዘጋጀ መሣሪያ ላይ ቢሰካ ሊያቃጥለው ይችላል። የዳንቴ ዋና መስመርና መጠባበቂያ መስመር በተለያዩ ኔትወርኮች ላይ መሆን ሲገባቸው አንዱ በስሕተት ከሌላው ጋር ቢቀላቀል፣ ደንበኛው ብዙ ብር ያወጣበት መጠባበቂያ በማግስቱ የለም። ዋናው እስኪበላሽ ድረስ ደግሞ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ የመሰኪያው ቅርጽ ሲናገር የነበረውን አሁን መናገር የሚችለው ጽሑፍ ብቻ ነው። «የሠራው ያውቀዋል» የሚለው አባባል ግን መሣሪያው ሁሉ ተለውጦ እሱ እንዳለ ቀርቷል።

ሌላው ተቃዋሚዬ ከዚህኛው የበለጠ የሠለጠነ ነው። እሱ ገመድ እንዲሁ እንዲንዘላዘል አይፈቅድም። በየማኅበራዊ ገጹ የሚለጥፈው የራክ ጀርባ ፎቶ አለው። ገመዶቹ አንድ ላይ ወርደው፣ እኩል ታጥፈው፣ በእኩል ርቀት ታስረው። የገመድ ማበጠሪያ የሚባል የፕላስቲክ መሣሪያ እንኳ አለ፤ ገመዶቹ ሳይጠላለፉ ጎን ለጎን እንዲተኙ የሚያበጥር። ፎቶው አድናቆት ያዘንባል፣ «ይህ ነው ሥራ!» ይባላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ብዙ ጊዜ አንድም ቁጥር የለበትም። እኔ የምጣላው ከዚህኛው እምነት ጋር ነው፤ የተስተካከለ ገመድ ሁሉ በደንብ የተሠራ ገመድ ነው ከሚለው። የመጀመሪያው ሰው ቢያንስ ዝርክርክነቱን አይደብቅም፤ ይኼኛው ስንፍናውን ፎቶ አንሥቶ ያሳየናል።

ውበቱ ራሱ ቢመረመር ሁልጊዜ ጥቅም እንዳልሆነ ይታያል። የፕላስቲክ ማሰሪያ በ1958 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ሲፈለሰፍ የታሰበው የአውሮፕላን ገመዶችን አንድ ላይ ለመያዝ ነበር። በካት 6 ላይ ጠብቆ ሲታሰር ውስጡ የተጠማዘዙትን ጥንድ ሽቦዎች ይጨፈልቃል፤ የመረጃው ጥራት ይወርዳል። ማሰር የግድ ከሆነ ቬልክሮ ይሻላል። ጎን ለጎን ፍጹም ተስተካክለው ብዙ ሜትር አብረው የሚሄዱ ያልተከለሉ የመረጃ ገመዶች በከፍተኛ ፍጥነት ላይ አንዱ የሌላውን ምልክት ይበልጥ ይረብሻሉ፤ ትንሽ ዘና ብለው የተኙት ይሻላሉ። ኤሌክትሪክ የሚሸከሙ የኔትወርክ ገመዶች በወፍራም ጥቅል ሲታሰሩም መሃል ያሉት ይሞቃሉ። ይህን የምለው ዝርክርክ ሥራን ለማመስገን አይደለም። ማስተካከል ያስፈልጋል፤ አየር እንዲዘዋወር፣ ክብደት መሰኪያውን እንዳይጎትት፣ እጅ እንዲገባ። ነገር ግን ምርጫው ከሁለት አንዱ ከሆነ፣ የተዘበራረቀና የተሰየመ ራክ ከተበጠረና ካልተሰየመ ራክ ይበልጣል። አንደኛውን በአንድ ከሰዓት ማስተካከል ይቻላል። ሁለተኛውን ለመሰየም መጀመሪያ ማፍረስ ያስፈልጋል።

ባለፉት ዓመታት ከተጠራሁባቸው «ብልሽቶች» ብዙዎቹ ብልሽት አልነበሩም። መሣሪያው ደኅና ነው፤ የጠፋው ዕውቀት ነው። አንዱን ልንገራችሁ። አንድ የከተማችን ሆቴል አዳራሽ ነው፤ ስሙን ልተወው። በማግስቱ ጠዋት ዓለም አቀፍ ስብሰባ አለ፤ የትርጉም መሣሪያው ሲፈተሽ የፈረንሳይኛው ቻናል ጭጭ ብሏል። የገጠመው ልጅ ሥራ አግኝቶ ወደ ዱባይ ሄዷል፤ ስልኩም አይሠራም። ራኩን ከፈትን። ያማረ ነው! የማሰሪያዎቹ ጫፍ እንኳ አንድ ላይ ተቆርጧል። ቁጥር ግን ለመድኃኒት እንኳ አይገኝም። አንዱን ገመድ ለመከተል ማሰሪያውን መቁረጥ፤ ማሰሪያውን ስትቆርጥ ያ ሁሉ ውበት ይፈርሳል። የሆቴሉ ኃላፊ ከኋላዬ ቆሞ «አታበላሹት፣ ገና አዲስ እኮ ነው» ይላል። በስተመጨረሻ ጥፋቱ ተገኘ፦ ከአስተርጓሚዎቹ ክፍል ወደ ራኩ የሚመጣው ገመድ መሰኪያው በግማሽ ወጥቷል። መልሶ መግፋት ነው። ጥገናው የአንድ ጣት ሥራ ሆኖ ፍለጋው ሌሊቱን ፈጀ።

አዲስ አበባ ደግሞ የስብሰባ ከተማ ናት። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ ያለባት፣ የአፍሪካ ኅብረት የተቀመጠባት። የኅብረቱ የሥራ ቋንቋዎች አረብኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ስፓኒሽና ስዋሂሊ ናቸው። እንዲህ ያለ ስብሰባ በከተማዋ ሆቴሎች ሲደረግ እያንዳንዱ ቋንቋ ከአስተርጓሚ ክፍል እስከ ተሰብሳቢው ጆሮ የራሱ መንገድ አለው። ሁለት ገመድ ከተቀያየረ አረብኛ የሚጠብቀው ልዑክ ፖርቱጋልኛ ይሰማል። ስሕተቱ የቱን ያህል ቀላል፣ ኀፍረቱስ የቱን ያህል ትልቅ እንደሆነ ልብ በሉ። ያም ሆኖ የከተማችን ብዙ አዳራሽ ዛሬም የሚሠራው በአንድ ሰው ትዝታ ነው።

አሁን ወደ መከራከሪያዎቻቸው ልምጣ።

«ንድፉ አለ፣ እሱን ማየት ነው» ይላሉ። ንድፍ ወረቀት ላይ መስመር ነው። መስመሩ «ገመድ 117» ቢልና ገመዱ ላይ 117 ካልተጻፈ ንድፉ የሚያመለክተው ነገር የለም። ከዚያ ላይ አብዛኛው ንድፍ ለጨረታ የተሠራው ነው፤ በሥራ ላይ የተቀየረው አልገባበትም። ፕሮጀክተሩ ከሰሜን ግድግዳ ወደ ጣሪያ ሲዛወር ማን ወረቀቱን አረመ?

«መፈለጊያ መሣሪያ አለ» የሚሉም አሉ። በአንዱ ጫፍ ድምፅ እየላከ በሌላው ጫፍ የሚያዳምጠውን ማለታቸው ነው። አዎ፣ ባዶ ሕንፃ ውስጥ ጥሩ ነው። እሱን ለመጠቀም ግን ገመዱን መንቀል አለብህ፤ ስብሰባው በመካሄድ ላይ ሳለ፣ ወይም ቅዳሴው እየተቀደሰ የትኛውን ትነቅላለህ? 48 ቮልት የሚላክበትን የማይክ መስመር ቻናሉን ሳትዘጋ ብትነቅል ስፒከሩ የሚያወጣውን ጩኸት የሰማ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል።

«ቀለም ይበቃል» ለሚሉት ብዙ አልጽፍም። ቀለሞች ያልቃሉ፤ ገመዶች አያልቁም። ቀይና አረንጓዴ መለየት የማይችሉ ወንዶችም ከምንገምተው በላይ ናቸው። ቀለም ለዓይነት ጥሩ ነው፤ ዋናው መስመር ቀይ፣ መጠባበቂያው ሰማያዊ። ለማንነት ግን አይሆንም።

ከሁሉም የሚከብደው የጊዜው ነገር ነው። ጨረታው በዝቅተኛ ዋጋ ተወስዷል፤ ቀጠሮው አልፏል፤ ቀለም ቀቢው ገና እየቀባ ነው፤ ባለቤቱ ሪባን ሊቆርጥ እንግዳ ጠርቷል። በዚህ መሃል ማን ቁጭ ብሎ ወረቀት ይለጥፋል? ይህን የሚሉኝ ሰዎች ችግራቸው እውነተኛ ነው፤ መፍትሔያቸው ግን የተሳሳተ ነው። መለያን የመጨረሻ ሥራ ያደረገው ማን ነው? በትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ የሚሠራው እሱ ነው። የገመዶቹ ዝርዝር አስቀድሞ ይዘጋጃል። ገመዱ ቱቦ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቁጥሩ በማርከር በጥቅሉ ላይም በጫፉ ላይም ይጻፋል። ሲደርስና ሲቆረጥ ሌላው ጫፍም ያንኑ ቁጥር ይይዛል። መሰኪያው ሲሠራ የታተመው መለያ ቦታውን ይወስዳል። በዚህ መንገድ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ገመዱ የቱ እንደሆነ በዚያች ሰዓት ሁሉም ያውቃልና።

እንዲያውም ለመጨረሻ ያስቀመጠው ሰው ምርጡን መለያ አስቀድሞ አጥቶታል። በሙቀት የሚኮማተረው የታተመ ቱቦ መሰኪያው ከመበየዱ በፊት በገመዱ ላይ መግባት አለበት፤ ከተበየደ በኋላ መንገድ የለውም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። በጊዜ እጥረት የተዘለለው የደቂቃ ሥራ ሌሊት ይሆናል፤ ሌሊቱም በሌላ ሰው ሒሳብ።

«ስቲከር ይወድቃል» የሚለውን ግን በከፊል እቀበላለሁ። የወረቀት ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አምፕሊፋየር አጠገብ ሙጫው ደርቆ ይረግፋል፤ ወይም ቀለሙ ይጠፋል። በራክ ወለል ላይ የረገፉ የወረቀት ቁርጥራጮች አይቻለሁ፤ አንዱ «ማይክ 2» ይላል፣ ከየትኛው እንደወደቀ ማን ያውቃል! ይህ ግን በመሰየም ላይ የቀረበ ክስ አይደለም፤ በርካሽ ፕላስተር ላይ ነው። ጽሑፉ ታትሞበት ግልጽ የሆነው ጅራቱ በራሱ ላይ የሚጠቀለል መለያ አለ፤ ጽሑፉ ከእጅ ላብም ከአቧራም ተሸፍኖ ይኖራል። ማተሚያውም የማይገኝ ነገር አይደለም። ዋጋው ከአንድ ደኅና ገመድ አልባ ማይክ አይበልጥም፤ በብዙ ሥራ ላይ ያገለግላል።

ሌላ አንድ መከራከሪያ አለ፤ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። ያልተሰየመ ራክ ደንበኛን ያስራል። ቁጥር ከሌለ ሌላ ባለሙያ ሊነካው አይደፍርም፤ ቢደፍር ብዙ ያስከፍላል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚጠራው የመጀመሪያው ሰው ነው። ይህን እንደ ብልጠት የሚቆጥሩ አውቃለሁ፤ «የጥገና ውሌ ያ ነው» ያለኝ ሰው እንኳ አለ፣ እየሳቀ። የሥራ ዋስትና መፈለጉን አልነቅፍም፤ በዚህ ሙያ እንጀራ ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ደንበኛ ተመልሶ የሚጠራህ ስለምትሻል ሊሆን ይገባል እንጂ መውጫ ስለነፈግኸው አይደለም። የገዛ ንብረቱን እንዳያውቀው አድርጎ ማስረከብ ዕቃ ሰጥቶ ቁልፍ ማስቀረት ነው። ደንበኞች ይህን ሲያውቁ ደግሞ ይቅር አይሉም፤ በየአዳራሹ «ያ ልጅ» እየተባሉ በቅሬታ የሚነሡ ባለሙያዎች አሉን። ስማቸው የጠፋው በሥራቸው ድክመት አይደለም፤ ሥራቸው ሌላ ሰው ሊቀጥለው የማይችል በመሆኑ ነው።

«የምታወራው ስለ ድምፅ ማጉያ ነው፤ ሰው አይሞትበትም» ይባል ይሆናል። ገመድ በሰው ትዝታና ልማድ ላይ ሲጣል የት እንደሚያደርስ ከሌላ ሙያ ልጥቀስ። ዲሴምበር 12 ቀን 1988 ለንደን ውስጥ ክላፓም ጃንክሽን ጣቢያ አጠገብ ባቡሮች ተጋጭተው 35 ሰዎች ሞቱ። በአንቶኒ ሂደን የተመራው ምርመራ ያገኘው ምክንያት አንድ ሽቦ ነበር። ምልክት መብራቶቹ በአዲስ ሲተኩ አሮጌው ሽቦ በአንድ ጫፉ ተነቅሎ በሌላው ጫፍ እንደተሰካ ቀረ፤ ጫፉም አልተቆረጠም፣ አልተሸፈነም። ወደ ቀድሞ ቦታው ተጠግቶ ነካ፤ ቀይ መሆን የነበረበት መብራት ቀይ አልሆነም። ሽቦዎቹን ቆጥሮ ሥራውን ያረጋገጠ ሌላ ሰው አልነበረም። ቴክኒሺያኑ ልምድ ያለው ሰው ነበር፤ «የሠራው ያውቀዋል» ከሚባልላቸው። ለሳምንታት ያለ በቂ ዕረፍት ሲሠራ ቆይቷል። ትዝታና ልማድ ድካም ያሸንፋቸዋል፤ በጫፍ ላይ የታሰረ ቁጥርና ቁጥሩን የሚቆጥር ሁለተኛ ሰው ግን አይደክሙም።

የእኛ ራኮችም በሞቱ ገመዶች የተሞሉ ናቸው። አሮጌው ሚክሰር ሲወጣ ገመዱ ይቀራል፤ «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ። ከአሥር ዓመት በኋላ ከሚታየው ግማሹ ምንም አይሠራም፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ አይነካም። በላዩ አዲስ ይጎተታል። ቁጥር ቢኖር ከዝርዝሩ ላይ ተሰርዞ፣ ገመዱም ተስቦ ይወጣ ነበር።

ይህ የእኔ የግል አመል እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ቴሌኮም ኢንዱስትሪ 606 የተባለውን የገመድና የመስመር አስተዳደር ደረጃ ያወጣው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1993 ነው። የእኛ ሙያ ግን ለገመድ መለያ ብቻ የተጻፈ የራሱ ደረጃ ያገኘው በዚያው አቆጣጠር በ2015 ነው፤ ያኔ ኢንፎኮም፣ ዛሬ አቪክሳ የሚባለው ማኅበር ባወጣው። የስልክ ሰዎች ከሃያ ዓመት በላይ ቀድመውናል። ይህ ራሱ ስለ ሙያችን ልማድ የሚናገረው አለ፦ ጆሯችንና ዓይናችን ያማረውን ሲያገኙ ከጀርባ ያለውን እንረሳለን።

ምን ይጻፍበት በሚለው ላይ ደግሞ ከወዳጆቼም ጋር እለያያለሁ። ብዙዎቹ ስም ይጽፋሉ፤ «የሊቀመንበር ማይክ»፣ «ቲቪ ግራ»። ደግ ሐሳብ ነው፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው። ወንበሮቹ ሲዛወሩ የሊቀመንበሩ ማይክ የጸሐፊው ይሆናል፤ መለያው መዋሸት ይጀምራል። የሚዋሽ መለያ ከሌለው ይብሳል፤ የሌለውን ትጠራጠራለህ፣ የሚዋሸውን ታምናለህ። በገመዱ ላይ የማይቀየር፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ የሆነ፣ በሕንፃው ውስጥ የማይደገም ቁጥር ይሁን። ስሙ፣ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚሸከም በዝርዝሩ ላይ ይጻፍ። ዝርዝሩ ሲቀየር ገመዱ አይቀየርም። ቁጥሩም ከመሰኪያው ጥቂት ጣት ራቅ ብሎ፣ ማሰሪያ ሳይሸፍነው፣ በባትሪ ብርሃን ጎንበስ ሳይባል እንዲነበብ ይሁን። ከመሰኪያው ሥር ተደብቆ የተለጠፈ ቁጥር ያስለጠፈውን ሰው ብቻ ነው የሚያስደስተው።

ዝርዝሩ ደግሞ በራኩ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፍ፤ በአማርኛ። እዚህ ላይ የሚስቁብኝ አሉ፤ «ቴክኒሺያን እንግሊዝኛ ካላነበበ ምን ቴክኒሺያን ነው?» ይላሉ። በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን እሑድ ጠዋት መሣሪያውን የሚያበራው ደመወዝተኛ ቴክኒሺያን አይደለም፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ነው። በወረዳ አዳራሽ ደግሞ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ነው። የአውደ ምሕረቱ ማይክ ሲዘጋ እሱ ሊያነበው ይገባል። ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ የሌብል ማተሚያ ፊደላችንን ያትማል፤ ዝርዝሩን ለማተምም ተራ ወረቀትና ማተሚያ በቂ ነው። ቁጥሮቹን ሁሉም ያነባል።

ጥፋቱ የገጣሚው ብቻ አይደለም። የጨረታ ሰነዱ የስፒከሩን ዋት፣ የስክሪኑን ኢንች፣ የራኩን ቁመት ሳይቀር ዘርዝሮ ስለ መለያ አንድ መስመር ከሌለው፣ ዋጋ የሚሰጠው ሰው ለምን ዋጋ ያስገባል? ያስገባው ይወድቃል፤ የዘለለው ያሸንፋል። አማካሪውም በርክክብ ቀን «ሙዚቃ አጫውቱ» ብሎ ይሰማል፤ ይፈርማል። ከራኩ ጀርባ የሚዞር አማካሪ ብዙ አላየሁም። ቦታውም ጠባብ ነው፤ ሱፍ ያቆሽሻል።

ስለዚህ ለአዳራሽ ባለቤቶች፣ ለሆቴል ኃላፊዎች፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለመሥሪያ ቤት ግዥ ክፍሎች አንድ ነገር አቀርባለሁ። በሥራ ዝርዝሩ ላይ መለያን ራሱን የቻለ ተራ ቁጥርና ዋጋ ስጡት፤ ያኔ ማንም በነፃ እንዲሠራው አልተገደደም፣ ማንም ሊዘለውም አይችልም። ገጣሚውም «ጊዜ የለኝም» ማለት አይችልም፤ የተከፈለበት ነውና። በጊዜያዊ ርክክብ ቀን ሙዚቃው ይቆይ። ባትሪ ይዛችሁ ወደ ራኩ ጀርባ ዙሩ። ማንኛውንም አንድ ገመድ ያዙ፣ ቁጥሩን አንብቡ፣ በዝርዝሩ ላይ ፈልጉት፤ ከዚያ ገጣሚው ሳይሆን ከሠራተኞቻችሁ አንዱ ሌላውን ጫፍ ያግኘው። በሌላ ገመድም ድገሙት። ካላገኘው ሥራው አላለቀም፤ የመያዣውን ገንዘብ አትልቀቁ፣ አትፈርሙ።